በማይግሬን ታማሚ አንጎል ላይ የታዩ ነጫጭ ነጥቦች፦ የአንዲት መምህርት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች የአንጎል ኤምአርአይ ሲነሡ በነጩ የአንጎል ክፍል ውስጥ ትናንሽ ነጫጭ ነጥቦች መታየታቸው ለእኛ ለሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ለታካሚው ግን እንግዳም አስደንጋጭም ነው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከፊልሙ ጋር በትልቅ ፖስታ ተደርጎ በታካሚው እጅ ይሰጣል፤ ታካሚውም ሐኪሙ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ያስነብባል፣ በስልኩ ይፈልጋል፣ ያገኘውን የበሽታ ስም ይዞም ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል።

ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ መንገድ ወደ እኔ የመጡ የአንዲት መምህርት ጉዳይ ነው። ልመዘግበው የፈለግሁት ነጥቦቹ ብርቅ ስለሆኑ አይደለም። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ዓይናችንን ነጥቦቹ ላይ ተክለን ሳለ ነጥቦቹን ሊያበዙ የሚችሉትና ልንለውጣቸው የምንችላቸው ነገሮች አጠገባችን ተቀምጠው ስለነበር ነው። ታካሚዋ ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸውን፣ የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤትና የታከሙባቸውን ተቋማት አልጠቅስም።

የታካሚዋ ታሪክ

ታካሚዋ የ43 ዓመት የኬሚስትሪ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ራስ ምታቱ የጀመራቸው በ17 ዓመታቸው ነው። እናታቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸውን በሻሽ አስረው የሚተኙባቸው ቀናት ነበሩ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ጀምሮ ከልብ ምት ጋር እየመታ ይበረታል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላቸዋል፣ ደረጃ መውጣት ያብሰዋል፤ ካልታከመም ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። በልጅነታቸው ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆላቸዋል፤ በተማሪነታቸው ሳይነስ ነው ተብለው አንቲባዮቲክ ደጋግመው ወስደዋል፤ ቆይቶም መነጽር ታዞላቸዋል። ማይግሬን የሚለውን ስም የሰሙት ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

ለብዙ ዓመታት በወር ከሁለት ጊዜ በላይ አይነሣባቸውም ነበር። ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ግን ሕመሙ እየተደጋገመ ሄዶ፣ ራሳቸውን ጨርሶ የማያማቸው ቀን በወር ከስምንት ወይም ከዘጠኝ የማይበልጥበት ደረጃ ደረሰ። አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳሉ የዓይናቸው ብርሃን ከተዛባ በኋላ የቀኝ እጃቸው ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፤ ድንዛዜው ቀስ እያለ ወደ ክንዳቸው፣ ከዚያም ወደ ከንፈራቸው ጥግ ወጣ፣ 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶም ለቀቃቸው፤ የተለመደው ራስ ምታት ወዲያው ተከተለ። ባልደረቦቻቸው ስትሮክ ነው ብለው ወደ ሕክምና ወሰዷቸው፤ ኤምአርአይ የታዘዘላቸውም በዚያው ሳምንት ነበር።

የውጤቱ ጽሑፍ፣ በሁለቱም የአንጎል ጎኖች ነጭ ክፍል ውስጥ በርካታ ትናንሽ ደማቅ ነጥቦች እንደሚታዩ፣ የማየሊን (የነርቭ ክሮች ሽፋን) መጎዳት ሕመም ወይም የትናንሽ ደም ሥሮች ችግር ሊሆን እንደሚችልና ከታካሚዋ ምልክቶች ጋር እንዲገናዘብ ይላል። በአሜሪካ በነርስነት የምትሠራው ታናሽ እህታቸው ይህን በስልክ አንብባ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም የነርቭ ክሮችን ሽፋን እየጎዳ እግርን ሊያሽመደምድ የሚችለው ሕመም፣ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። በአንድ ተቋምም በዚሁ ጥርጣሬ ለአምስት ቀን የሚዋጥ ስቴሮይድ ተሰጣቸው። ራስ ምታቱ ለጥቂት ቀናት ቀለል ስላላቸው ጥርጣሬው ይበልጥ የተረጋገጠ መሰላቸው፤ ነገር ግን ስቴሮይድ የበረታ ማይግሬንንም ለጊዜው ስለሚያስታግስ ይህ ማስረጃ አይሆንም።

እኔ ዘንድ የመጡት ኤምአርአይው ከተነሣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ስለ ራስ ምታቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ «ዶክተር፣ እግሬን የሚይዘኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ፊልሙ ላይ የታየው

ነጩ የአንጎል ክፍል የሚባለው የአንጎልን ልዩ ልዩ ስፍራዎች እርስ በርስና ከኅብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኙት የነርቭ ክሮች የሚያልፉበት ነው፤ ንጣቱን ያገኘውም ክሮቹን ከሚጠቀልለው ማየሊን ከተባለ ስብ መሰል ሽፋን ነው። የዚህን ክፍል ጥልቅ ስፍራ የሚመግቡት ደም ሥሮች ረጃጅምና ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ጫፋቸው ላይም በቂ አጋዥ ቅርንጫፍ ስለሌላቸው፣ የደም ፍሰት ሲቀንስ ወይም የሥሮቹ ግድግዳ ሲወፍር መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ስፍራ ነው። በኤምአርአይ ፍሌር በተባለው የአነሣሥ ዓይነት ነጥቦቹ ነጭ ሆነው የሚታዩት በቦታው የውኃ መጠን ስለሚጨምርና የክሮቹ ሽፋን ስለሚሳሳ ነው። ነጥቡ ብቻውን መንስኤውን አይናገርም፤ ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የማየሊን ሕመም፣ አንዳንድ ኢንፌክሽኖች፣ ማይግሬንም ተመሳሳይ የሚመስል ነጥብ ይተዋሉ።

ስለዚህ ፊልሙን ከሬዲዮሎጂ ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን በዝርዝር አየነው። 12 ያህል ነጥቦች ቆጠርን፤ ትልቁ 5 ሚሊ ሜትር ያህላል። ሁሉም በፊተኛውና በላይኛው የአንጎል ክፍል ጥልቅ ነጭ ስፍራ ውስጥ እርስ በርስ ሳይያያዙ ተበትነዋል። በፋዜካስ መለኪያ፣ የነጥቦቹን መብዛት ከ0 እስከ 3 በሚመድበው ደረጃ፣ 1 ብለን መዘገብነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚወዳቸው ስፍራዎች፣ ማለትም ሁለቱን የአንጎል ጎኖች የሚያገናኘው ድልድይ፣ የፈሳሽ ጓዳዎቹ ጠርዝ፣ የአንጎል ግንድና የላይኛው ኅብለ ሰረሰር ንጹሕ ነበሩ። በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል (ቴምፖራል ሎብ) የፊት ጫፍም ንጹሕ ነበር፤ ይህን ሆን ብለን ያየነው ካዳሲል የተባለው፣ ኖች 3 በተባለ ዘረ መል ላይ በሚደርስ ለውጥ የሚመጣውና በቤተሰብ የሚተላለፈው የትናንሽ ደም ሥሮች ሕመም ኦራ (ራስ ምታቱን የሚቀድም የእይታ መዛባት ወይም ድንዛዜ) ካለው ማይግሬን ጋር አብሮ ስለሚመጣና ያንን ስፍራ ቀድሞ ስለሚነካ ነው። በትንሹ አንጎል ውስጥም ታካሚው ሳያውቀው ያለፈ የስትሮክ ምልክት ፈለግን፤ አላገኘንም።

የነርቭ ምርመራቸው ጤናማ ነበር። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራቸው ነጻ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራቸው በወጉ፣ የጾም ስኳራቸው 104 ሚሊ ግራም ነበር። ደም ግፊታቸው ግን 162 በ100 ሆኖ ተገኘ፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሜ ስለካው 158 በ98 ነበር። ከዚህ ቀደምም በሁለት ቦታ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ «ስላመምዎት ነው የጨመረው» ተብለው ሄደዋል። ሕመም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ ሕመም በሌለበት ቀን ደግሞ የሚለካ ግን አልነበረም። ለሰባት ቀን ቤታቸው ውስጥ ጠዋትና ማታ ሲለኩት አማካዩ 152 በ95 ሆነ። የዓይን ሐኪሙ በዓይናቸው ጀርባ የደም ሥሮች መጥበብን፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውም የግራ ልብ ጡንቻ መወፈርን አሳዩ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ የሚመጡ አይደሉም።

ያመለጠኝ ጥያቄ

በመጀመሪያው ቀጠሮ ካርዳቸው ላይ «በቋሚነት የሚወስዱት መድኃኒት የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ጠይቄያቸው ነበር፤ የለም ብለውኛል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዓይናቸው ላይ የሚታየውን ነገር እንዲያስረዱኝ ጠየቅኋቸው። «ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የቃሉ መሐል ይጠፋብኛል። ከዚያ ዳር ዳሩን የሚብለጨለጭ ነገር ይከበዋል፤ እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ነው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ግን ይንቀሳቀሳል» አሉኝ። በፖስታው ጀርባ ላይ እንዲሥሉልኝ ለመንኳቸው። እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳቸውን ሲበረብሩ መሐረብ፣ ቁልፍ፣ አንድ የኤርጎታሚንና ካፌይን ክኒን ፓኬትና 21 ነጭ፣ 7 ቡናማ እንክብል ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ቡናማዎቹ የብረት ማዕድን፣ ነጮቹ ኤስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ያለባቸው ናቸው። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ «ይሄማ መከላከያ ነው፣ ዶክተር፤ መድኃኒት አይደለም» አሉኝ። ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ለስድስት ዓመት ከሰፈራቸው ፋርማሲ እየገዙ ሲወስዱት ኖረዋል። የኤርጎታሚኑንም «ማስታገሻ» እንጂ መድኃኒት ብለው አይጠሩትም፤ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይውጡታል፣ ሲብስም ዳይክሎፌናክ ይጨምሩበታል።

መልሳቸው ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ አጠያየቅ ነው። በአማርኛችን መድኃኒት ማለት ለበሽታ ታዞ የሚወሰድ ነው፤ መከላከያው፣ ማስታገሻው፣ የጾም ማግስት የሚዋጠው የጨጓራ ክኒን በብዙ ሰው አእምሮ በዚያ ቃል ውስጥ አይገቡም።

ሥዕሉ ደግሞ ሌላ ነገር አረጋገጠልኝ። ከመሐል ጀምሮ ወደ ጎን እየሰፋ የሚሄድ፣ 25 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ግማሽ ክብ ሥለዋል። ይህ ኦራ ነው። ካርል ላሽሊ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1941 የራሱን ኦራ ደጋግሞ ሥሎ፣ በአንጎል የማያ ክፍል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ ነገር እንዳለ አስልቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው አሪስቲዴስ ሌያዎ በእንስሳት አንጎል ሽፋን ላይ ቀስ ብሎ የሚዛመት የኤሌክትሪክ ጸጥታን መዘገበ፤ ዛሬ የኦራ ምንጭ ነው የምንለው ይህንኑ ነው። የታካሚዋ የእጅ ድንዛዜ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ከንፈር በደቂቃዎች መጓዙ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ስትሮክ ግን በአብዛኛው በቅጽበት ይመጣል።

ነጥቦቹን የሚያበዛው ምንድን ነው?

ለታካሚዋ ያስረዳኋቸውን እዚህም እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እርምጃዎቹ ሁሉ ከዚህ የወጡ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው ካሜራ የተባለው የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ይህ ጥናት ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 የሆኑ 295 የማይግሬን ታማሚዎችን ማይግሬን ከሌለባቸው 140 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ማይግሬን ያለባቸው ሴቶች በጥልቁ ነጭ ክፍል ብዙ ነጥብ የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ ሴቶች በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በወር አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ በሚነሣባቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ጨመረ። በወንዶች ላይ ልዩነት አልታየም። ሳይታወቅ ያለፈ የትንሹ አንጎል ስትሮክ በብዛት የተገኘው ግን ኦራ ባለባቸውና ሕመሙ በሚደጋገምባቸው ላይ ነው።

እነዚያኑ ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግመው ሲያነሡ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም፣ ማይግሬን ካለባቸው ሴቶች 77 በመቶው፣ ከሌለባቸው 60 በመቶው የነጥብ ጭማሪ አሳዩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማይግሬን የሌለባቸውም ከግማሽ በላይ ጨምረዋል፤ ጭማሪው ከሕመሙ መደጋገም፣ ከክብደቱም ሆነ ከኦራ መኖር ጋር አልተያያዘም፤ የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸውም ከሌሎቹ የተለየ ማሽቆልቆል አላሳየም። በፈረንሳይዋ ናንት ከተማ በ780 አረጋውያን ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናትም ራስ ምታትን ከነጥቦቹ ጋር ቢያያይዝም ማይግሬን የማሰብ ችሎታን እንደሚያዳክም አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዴንማርክ መንትዮች ጥናት ደግሞ ኦራ ባለባቸው ሴቶች ላይ የተለየ የነጥብ ብዛት አላገኘም። ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ማለት ነው፤ «ማይግሬን አንጎልን እየበላ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ከእነዚህ መካከል ከአንዱም አይወጣም።

በሌላ በኩል የደም ግፊትና የዕድሜ ሚና አከራካሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ የነጩ ክፍል ጉዳታቸው በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ያነሰ ጭማሪ እንዳሳየ አረጋግጧል፤ የአንዱ ወገን ጭማሪ 0.92፣ የሌላው 1.45 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነበር። ጥናቱ ስለ ማይግሬን አይደለም። ነገር ግን የማይግሬን ታማሚ ደም ሥር ከሌላው ሰው ደም ሥር በዚህ ረገድ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ እኚህ ሴት ሴት ናቸው፣ 43 ዓመታቸው ነው፣ ኦራ አለባቸው፣ ሕመማቸው ይደጋገማል። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አይለወጡም። ነገር ግን ያልታከመ ደም ግፊት፣ ግፊትን ከፍ የሚያደርግና የደም መርጋትን የሚያባብስ ኤስትሮጂን፣ ደም ሥርን የሚያኮማትር ኤርጎታሚን፣ ግፊትን የሚጨምር ዳይክሎፌናክ በአንድ ሰው ላይ ተደራርበዋል። ኦራ ያለው ማይግሬን የስትሮክን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር፣ ኤስትሮጂን ያለበት መከላከያና ሲጋራም ይህን ይበልጥ ከፍ እንደሚያደርጉት ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦራ ላለባቸው ሴቶች ኤስትሮጂን ያለበትን ጥምር እንክብል ፈጽሞ እንዳይሰጥ በሚለው በ4ኛ ደረጃ የመደበውም ለዚህ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የቆመው እንክብሉ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ላክኋቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ተማክረው ሆርሞን የሌለበትን ሉፕ መረጡ።

ሁለተኛው ማስታገሻ ነው፤ ይህ ከሁሉም የከበደው ነበር። ኤርጎታሚን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ያሉት ደግሞ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ራስ ምታት ያመጣሉ። ታካሚዋ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኤርጎታሚኑን በአንድ ጊዜ አቆምን፤ ግፊታቸው በዚያ ደረጃ ላይ ሳለ አንድም ቀን ሊቀጥል የሚገባው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ 11 ቀናት ከባድ ነበሩ፤ ከትምህርት ቤታቸው የሕመም ፈቃድ ጻፍኩላቸው፣ ለማቅለሽለሹ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል በሳምንት ከሁለት ቀን ላልበለጠ ሰጠኋቸው። ባለቤታቸው በየማታው ስልክ ይደውሉልኝ ነበር። ያ ስልክ ባይኖር ኖሮ ወደ ፋርማሲ ይመለሱ እንደነበር ኋላ ነግረውኛል።

ሦስተኛው ደም ግፊት ነው። አስም እንደሌለባቸው አረጋግጬ ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ አስጀመርኋቸው፤ ግፊትንም ማይግሬንንም ስለሚያግዝ፣ አገር ውስጥ ስለሚገኝና ዋጋው ስለማይከብድ። በስድስተኛው ሳምንት እያንዳንዱን መጠን ወደ 80 ሚሊ ግራም አሳደግሁት። ግፊቱ ወደ 144 በ92 ወርዶ እዚያው ስለቆመ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ጨመርሁ፤ በአራተኛው ወር 128 በ80 ደረሰ።

አራተኛው ደብተር ነው። የተማሪ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዝተው የራስ ምታቱን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ኦራውን፣ የወሰዱትን ክኒንና እንቅልፋቸውን ይመዘግቡ ጀመር። ደብተሩ ሲታይ ኦራ ያለው ሕመም በብዛት የሚነሣው ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት መሆኑ፣ በዐቢይ ጾም ሳምንታት ደግሞ እጥፍ መሆኑ ተገለጠ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ አራት ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ ነበር፤ ከእንቅልፍ የሚያገኙትም አምስት ሰዓት ነው። ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የእኔ ሥልጣን አልነበረም። ደብተሩን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ሊጾሙ ተስማምተው ተመለሱ። ቡናቸውንም አላስቀረሁባቸውም፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሁለት ስኒ እንዲሆን ብቻ ተነጋገርን፤ ካፌይን በድንገት ሲቀር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ያመጣልና።

የራስ ምታት ቀናቸው በወር ከ22 ወደ 11 በሦስተኛው ወር፣ ወደ 6 በስድስተኛው ወር ወረደ። በዓመቱ 4 ሆነ። ኦራው በወር አምስት ጊዜ የነበረው ወደ አንድ ወረደ፤ ሁለት ወር ሙሉ ያልታየበት ጊዜም አለ። ከእነዚህ እርምጃዎች የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ አብረው ነው የተወሰዱት። የእኔ ግምት ግን የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ የመጣው ማስታገሻው ሲቆም እንደሆነ ነው፤ ፕሮፕራኖሎሉ ሙሉ መጠኑ ላይ ከመድረሱ በፊት ደብተሩ ላይ የሚታይ መሻሻል ነበርና።

ያልሠራው

በመጀመሪያው ወር ማይግሬንን ለመከላከል የሚሰጠውን አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ጨምሬ ነበር። እንቅልፋቸው ቢሻሻልም ጠዋት አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ምላሳቸው እየተሳሰረ፣ ክብደታቸውም በስድስት ሳምንት ሦስት ኪሎ ጨምሮ አገኘሁት። ግፊት ላለበት ሰው ክብደት መጨመር የሚፈለግ አይደለም፤ አቆምነው። ከ10 ሚሊ ግራም መጀመር ነበረብኝ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው። በ14ኛው ወር፣ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ሳለ፣ «ነጥቦቹ ምን እንደደረሱ ብቻ ልወቅ» ብለው ለመኑኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ከወር ደመወዛቸው የሚበልጥ ገንዘብ ከፍለው በሌላ ተቋም፣ በሌላ ማሽን ተነሡ። ውጤቱ ነጥቦቹን 17 አደረጋቸውና «ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የጨመሩ ይመስላሉ» አለ። ታካሚዋ ያን ሌሊት እንደገና ሳይተኙ አደሩ፤ በማግሥቱም ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው ኦራ ያለው ማይግሬን ተነሣባቸው።

ሁለቱን ፊልሞች ከባልደረባዬ ጋር ጎን ለጎን ስናይ ጉዳዩ ሌላ ሆነ። የመጀመሪያው ማሽን ኃይሉ ዝቅተኛ ነው፤ ምስሎቹም በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ የተቆረጡ ናቸው። ሁለተኛው የመግነጢስ ኃይሉ 1.5 ቴስላ፣ የምስሎቹ ውፍረትም 3 ሚሊ ሜትር ነው። «አዲሶቹ» አምስት ነጥቦች ሁሉ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ፣ በመጀመሪያው ምስል ክፍተት ውስጥ የሚወድቁ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ 12 ባሉበት አሉ፤ አንዳቸውም አላደጉም። አዲስ የተገለጠው ነገር የማሽኑ ዓይን ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ፍርሃቱ ግን በአንድ ሰዓት አልለቀቀም። ምስሉን ማዘዝ ያለብኝ አዲስ የነርቭ ምልክት ቢመጣ፣ ወይም የራስ ምታቱ ባሕርይ ቢለወጥ ብቻ ነበር።

ለሌላ ታካሚ የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ አሠራሬ በጥቂት ነገሮች ተለውጧል። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ «ከፋርማሲም ከቤትም የሚውጡትን፣ የሚወጉትን፣ መከላከያውንም ጨምሮ ሁሉንም ያሳዩኝ» እላለሁ፣ ቦርሳም አስከፍታለሁ። ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ለማንኛዋም የራስ ምታት ታማሚ የኦራ ጥያቄ ከመከላከያ ጥያቄ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውምና። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው በሥርዓታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፤ ራስ ምታቱን የሚያየው አንድ ቤት፣ መከላከያውን የሚሰጠው ሌላ ቤት ነው። በፋርማሲ ላሉ ባለሙያዎች ይህን አደራ እላለሁ፦ ኤርጎታሚን ለመግዛት በሳምንት ሁለቴ የምትመለስን ሴት ግፊቷን ለክታችሁ ብትልኳት ከእኔ ቀድማችሁ ትደርሱላታላችሁ።

በሕመም ቀን ከፍ ብሎ የተገኘ ግፊት ሕመም በሌለበት ቀን እስኪለካ ድረስ መልስ አላገኘም ማለት ነው። የዓይን ጀርባና የልብ ምርመራም ከኤምአርአይ በጣም ባነሰ ዋጋ፣ ግፊቱ የቆየ ይሁን የዛሬ፣ ይናገራሉ።

ነጥቦቹን ለታካሚ ስናስረዳ ቁጥራቸውን ሳይሆን ስፍራቸውን፣ መጠናቸውንና አብሯቸው ያለውን ሰው መግለጽ ይሻላል። ለእኚህ መምህርት የረዳቸው ፊልሙን አብረን ማየታችን ነበር፤ ድልድዩን፣ ግንዱን፣ ኅብለ ሰረሰሩን በጣቴ እያሳየሁ «እዚህ ቢሆን ኖሮ ያሳስበኝ ነበር፤ ባዶ ነው» ማለቴን እስከ ዛሬ ያስታውሱታል።

ለሬዲዮሎጂ የምልከው ቅጽም ተለውጧል። ቀድሞ «ራስ ምታት» ብዬ እተወው ነበር፤ የመጀመሪያው ኤምአርአይ የታዘዘበት ወረቀትም ከዚያች ከአንዲት ቃል በቀር ሌላ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሬዲዮሎጂስት የሚቻለውን ሁሉ ከመዘርዘር ውጭ ምን ምርጫ አለው? አሁን ዕድሜን፣ የማይግሬን ዓመታትን፣ ኦራን፣ የደም ግፊት ልኬትን፣ መከላከያንና ማስታገሻን እጽፋለሁ፤ የቀድሞ ፊልም ካለም አያይዛለሁ፣ የተነሣበትን ማሽንም እጠቅሳለሁ። ውጤቱም በፖስታ ሳይታሸግ በፊት እንዲደወልልኝ ከባልደረባዬ ጋር ተስማምተናል።